ከፋዩ ማን ነው?

«ኢንሹራንስ አለን። ልጁም በሐኪም ታይቷል። ታዲያ ቴራፒው ለምን አይከፈልልንም?»

ይህ ጥያቄ በተለያየ ድምፅ ደጋግሞ ወደዚህ ፕሮግራም ይመጣል። አንዴ ከስልቨር ስፕሪንግ የምትደውል ነርስ ናት። ሌላ ጊዜ ከአሌክሳንድሪያ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚደውል አባት ነው። ድምፃቸው ውስጥ ድካም አለ። ከድካሙ በታች ደግሞ «አንድ ነገር አጉድለን ይሆን?» የሚል ስጋት ይሰማል።

ወላጆቹ ምንም አላጎደሉም። ልጃቸውን ወደ ሐኪም ወስደዋል፣ ወረፋ ጠብቀዋል፣ ወረቀት ሞልተዋል። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገራቸውም፤ የዛሬው ወግ የተጻፈውም ለዚያ ነው። የልጁን ሕክምና በእውነት የሚከፍለው ማን ነው? ኢንሹራንስ ኩባንያው ነው ወይስ አሠሪው?

ብዙ ሰው ጥያቄው ሲቀርብለት ካርዱን ከቦርሳው አውጥቶ የታተመበትን ስም ያነባል። ኤትና፣ ሲግና፣ ዩናይትድ ሄልዝኬር። «ይኸው፣ እነሱ ናቸዋ!» ይላል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በሥራቸው በኩል የጤና ሽፋን ካላቸው ሠራተኞች ከመቶ ከ60 የሚበልጡት ያሉት ወጪውን አሠሪው ከራሱ ካዝና በሚከፍልበት ፕላን ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቶች ሰልፍ ፈንድድ የሚሉት ይህን ነው። ስሙ ካርዱ ላይ የታተመው ኩባንያ እዚያ ላይ እንደ እድር ጸሐፊ ነው። መዝገቡን ይይዛል፣ ደረሰኙን ያያል፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ሣጥኑ ግን የሱ አይደለም፤ ምን ይሸፈን፣ ምን ይቅር የሚለውም የመጨረሻ ቃል የሱ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ፕላን አሠሪው ለኩባንያው አረቦን ከፍሎ ኃላፊነቱን ጠቅልሎ የሚያስረክብበት ነው፤ ፉሊ ኢንሹርድ ይሉታል። እዚህ ላይ ከኪሱ የሚከፍለው ኩባንያው ራሱ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያም ሆነ ዲሲ ውስጥ በየመንግሥታቱ የኢንሹራንስ ገበያ የሚገዙት ፕላኖች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ልዩነቱ የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ይመስላል። ልጁን የሚጠብቀው ሕግ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንዲያና በፈረንጆቹ 2001 መንገዱን ከፈተች፤ ሌሎቹ ግዛቶችም አንድ በአንድ እየተከተሉ ኢንሹራንሶች የኦቲዝም ሕክምናን እንዲሸፍኑ ደነገጉ። በ2019 ቴነሲ ስትጨመር 50ዎቹም ሞሉ። እነዚህን ሕጎች ያስወጡት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው፤ ምክር ቤት ለምክር ቤት ተመላልሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ቀርበው መስክረው ነው። ቨርጂኒያን ብናይ ሕጉ በ2012 ሥራ ላይ ሲውል የሚያገለግለው ከ2 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ ነበር። ለዋናው የባሕርይ ቴራፒ፣ ሁሉም ኤቢኤ ለሚለው፣ የዓመቱ ጣሪያ 35,000 ዶላር ተደርጎ ነበር። ከዚያ ዕድሜው ወደ 10 ከፍ አለ፤ ከ2020 ጀምሮ የዕድሜ ገደቡ ጭራሹን ተነሣ። ሜሪላንድ ደግሞ ልጁ 19 ዓመት እስኪሞላው እንዲሸፈን ታዝዛለች።

ታዲያ ከጎረቤት ሰምቶ «ቨርጂኒያ ሕግ አላት» ብሎ የሚደውል አባት አልተሳሳተም። ሕጉ አለ። ያ ሕግ ግን ከካዝናው የሚከፍለውን አሠሪ አይነካውም። በ1974 የወጣው ኤሪሳ የሚባል የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉትን ፕላኖች ከግዛቶች የኢንሹራንስ ሕግ ውጭ አድርጓቸዋል። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት ካርድ የያዙ ሁለት ሐበሻ ቤተሰቦች የተለያየ መልስ የሚያገኙት ለዚህ ነው። የአንዷ ልጅ በሳምንት 20 ሰዓት ቴራፒ ይፈቀድለታል፤ የሌላኛዋ ልጅ «ፕላንዎ ይህን አገልግሎት አይሸፍንም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ያቺ እናት ካርዱን ከጎረቤቷ ካርድ ጎን አስቀምጣ ብታነጻጽር ልዩነቱን አታገኘውም። ምናልባት ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «አስተዳዳሪው እገሌ ነው» የሚል ቃል ታገኝ ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

ማረጋገጫው ያለው መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ክፍል፣ ኤችአር ዘንድ ነው። ወላጁ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ በቃል ሳይሆን በኢሜይል። አንደኛ፣ ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ? ሁለተኛ፣ የፕላኑ ሙሉ መግለጫ ሰነድ ይሰጠኝ። በኤሪሳ ሥር ላለ ፕላን ይህ ሰነድ በጽሑፍ ከተጠየቀ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ሰነዱ ረጅም ነው፤ መቶ ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። «ኦቲዝም» እና «ኤቢኤ» የሚሉት ቃላት በፍለጋ ይፈለጉ፤ በተለይ የማይሸፈኑ ነገሮች በተዘረዘሩበት ምዕራፍ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆጣት ግድ ይላል። ለመኪና ብድር ሦስት ባንክ የሚያወዳድር፣ ለአውሮፕላን ቲኬት ሌሊቱን ኢንተርኔት ላይ የሚያድር ወገን፣ የልጁን ፕላን በየኅዳሩ «እንዳምናው ይቀጥል» ብሎ ፈርሞ ያልፋል። በዓመት አንዴ የሚከፈተው የምርጫ ጊዜ ሥራ ቦታ ላይ በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም ሽፋን ካላቸው ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ይታዩ፤ ለልጁ የሚሻለው ብዙ ጊዜ ወርኃዊ ክፍያው ዝቅ ያለው አይደለም። ከሁለቱ አንዱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ፕላኖች በሙሉ ኤቢኤን እንዲሸፍኑ መታዘዛቸውን ይወቅ።

ከፋዩ አሠሪው ሆኖ ሲገኝስ? በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ሕግ ሳያስገድዳቸው ኤቢኤን ይሸፍናሉ። የማይሸፍኑት ላይ ደግሞ ሌላ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በ2008 የወጣው የአእምሮ ጤና እኩልነት ሕግ። አንድ ፕላን የአእምሮ ጤና ሕክምናን የሚሸፍን ከሆነ፣ ለአካል ሕክምና ከሚያደርገው የባሰ ገደብ ሊጥልበት አይችልም ይላል። የአሜሪካ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2022 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ ኤቢኤን ነጥለው ያስቀሩ ፕላኖች ጥያቄ ከቀረበባቸው በኋላ ክልከላውን እንዳነሡ ገልጿል። የዚህ መሥሪያ ቤት አማካሪዎች ሠራተኛን በነጻ ይረዳሉ፤ ስልካቸው 1-866-444-3272 ነው። አሠሪው ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ አቤት የሚባለው እዚህ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያው ከሆነ ከፋዩ፣ አቤት የሚባለው የግዛቱ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ዘንድ ነው። ከፋዩን ሳያውቅ አቤቱታ የላከ ሰው ሁለት ወር ጠብቆ «ጉዳዩ እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ይህም በተደጋጋሚ ይደርሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኤቢኤ ከሌላ ሕክምና የሚለየው በብዛቱ ነው። የዓይን ሐኪም በዓመት አንዴ ይታያል፤ ኤቢኤ ግን በሳምንት 10፣ 20፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰዓት ነው። የንግግር ቴራፒና ኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ሲጨመሩ ቀጠሮ የሌለበት የሥራ ቀን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮው የምትከፈል፣ ትንሽ የምትመስል ኮፔይ ትከማቻለች። ለምሳሌ በአንድ ቀጠሮ 30 ዶላር የሚያስከፍል ፕላን ያላት እናት ልጇን በሳምንት 5 ቀን ብትወስድ፣ በሳምንት 150 ዶላር ይሆናል። በዓመት 7,800 ዶላር። ፕላኑን ስትመርጥ «30 ዶላር ምን አላት» ያለችው እናት ይህን ሒሳብ ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላላትም።

ይህ ክምችት ጣሪያ አለው፤ ወላጆች ከሁሉም በላይ የሚዘነጉት ይህን ነው። ከጥቂት የቆዩ ፕላኖች በቀር ሕጉ በዓመት ከኪስ የሚወጣውን ይገድባል። በ2025 ጣሪያው ለአንድ ሰው 9,200 ዶላር፣ ለቤተሰብ 18,400 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ የብዙ ፕላኖች የራሳቸው ጣሪያም ከዚህ ያንሳል። በቤተሰብ ፕላን ውስጥ ያለ አንድ ልጅም ቢሆን ከአንድ ሰው ጣሪያ በላይ አይከፈልበትም። በሳምንት አምስት ቀን ቴራፒ ያለው ልጅ ዓመቱ ሳይጋመስ ጣሪያው ላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ እስከ ፕላኑ ዓመት መጨረሻ ለሚሸፈነው ነገር ኮፔይ የለም። ያን ጊዜ ሲያስተላልፉት የቆዩት የነርቭ ሐኪም፣ የእንቅልፍ ምርመራ፣ የጆሮ ምርመራ ቢያዝ ይበጃል። ጣሪያው ግን የሚሠራው ከፕላኑ ጋር ውል ላላቸው፣ በኔትወርክ ውስጥ ላሉ አቅራቢዎች ነው፤ ከኔትወርክ ውጭ የወጣ ገንዘብ እዚያ ላይ አይቆጠርም።

ኔትወርክ ውስጥ ያለው ማዕከል «ወረፋው ስምንት ወር ነው» ቢልስ? ወላጁ ለኢንሹራንሱ ደውሎ በቅርብ ርቀት፣ በቅርብ ጊዜ የሚቀበል የኔትወርክ ማዕከል ስም በጽሑፍ እንዲሰጡት ይጠይቅ። መስጠት ካልቻሉ ከኔትወርክ ውጭ ያለውን ማዕከል በኔትወርክ ዋጋ እንዲያስገቡለት ያመልክት። ሲንግል ኬዝ አግሪመንት ይሉታል። የሚጠይቅ ስለሌለ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

በየጊዜው በፖስታ የሚመጣው የሒሳብ መግለጫም አለ። አናቱ ላይ በጉልህ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሆኖም ደንግጠው ቼክ የላኩ ወላጆች አሉ። ገጹ ላይ አራት ነገር ይታይ። ማዕከሉ የጠየቀው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የተቀበለው ዋጋ፣ የተከፈለው፣ ለቤተሰቡ የቀረው። በማዕከሉ ዋጋና በተፈቀደው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የኔትወርክ ማዕከል ከወላጅ ሊጠይቅ አይችልም። 97153 የሚል ቁጥር በየመስመሩ ይታያል፤ ይህ ቴክኒሺያኑ ከልጁ ጋር የሚሠራበት ሰዓት ነው፣ በ15 ደቂቃ እየተቆራረጠ የሚቆጠር። ሁለት ሰዓት ማለት 8 ነው። 12 ተብሎ ከመጣ ወላጁ ይጠይቅ። ልጁ ታሞ በቀረበት ቀን የመገኛ ወረቀት ላይ «ፈርሚልን፣ ችግር የለውም» ሲባሉ የሚፈርሙ እናቶች እንዳሉ ይሰማል። አይፈረም። ያልተሰጠ ሰዓት ሲቆጠር ለልጁ የተፈቀደው ሰዓት ነው የሚያልቀው፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ሽፋን፣ ያላቸው ልጆች ነገር የተለየ ነው፤ በአንድ በኩል የተሻለም ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለሕክምናው አስፈላጊ የሆነው ሁሉ እንዲሸፈን የፌዴራል ሕግ ያዝዛል፤ ሜሪላንድ ከ2017 ጀምሮ ኤቢኤን በሜዲኬይድ ትሸፍናለች። የሥራ ኢንሹራንስ ያለው ልጅ ሜዲኬይድን በሁለተኛነት ሊይዝ እንደሚችል ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። ያን ጊዜ ዋናው ኢንሹራንስ ያስቀረውን ሜዲኬይዱ ይቀበላል።

«ገቢያችን ከመጠኑ ያልፋል» ብለው የተዉት ወላጆችም እንደገና ያስቡበት። ዌቨር የሚባሉት የሜዲኬይድ መርሐ ግብሮች የሚያዩት የልጁን ገቢ እንጂ የወላጆቹን አይደለም። ሜሪላንድ ለኦቲዝም ብቻ የተለየ ዌቨር አላት። ዲሲ ኬቲ ቤኬት በምትባል ልጅ ስም የሚጠራ መንገድ አላት፤ ይህች ልጅ ቤቷ ሆና ሕክምና እንድታገኝ በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የተፈቀደላት ናት፤ ሕጉም የመጣው ከሷ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወረፋው የሚያዘው በአካባቢው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርድ በኩል ነው። ወረፋዎቹ ዓመታት ይፈጃሉ፤ ስለዚህ ዛሬ ያልተመዘገበ ልጅ ዛሬ የሚጠብቅ እንኳ አይደለም። ሁለት ዓመት «እናያለን» እያሉ ያሳለፉ ወላጆች ሲደውሉ የዚህ ፕሮግራም አቅራቢ ቃል ያጥራታል።

እምቢ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ብዙው ወገን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚህ አገር ግን ዝምታ ይነቅዛል፣ ቀን ተቆጥሮበታል። በአብዛኛው ፕላን ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰ 180 ቀን ነው። ያም ካልሆነ ጉዳዩን ከኩባንያው ውጭ ያሉ ገለልተኛ ሐኪሞች እንዲያዩት በ4 ወር ውስጥ መጠየቅ ይቻላል፤ የነሱ ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድዳል። ማቋረጡ ልጁን የሚጎዳ አስቸኳይ ጉዳይ ከሆነ መልሱ በ72 ሰዓት መሰጠት አለበት። ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን ይባል የነበረው የጤና ጥናት ተቋም፣ ኬኤፍኤፍ፣ በፌዴራሉ የኢንሹራንስ ገበያ የተሸጡ ፕላኖችን የ2023 መረጃ አይቶ ነበር። ከተከለከሉት የክፍያ ጥያቄዎች መካከል ይግባኝ የተባለባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ይግባኝ ካሉት ግን ከመቶ ከ40 በላይ የሚሆኑት ውሳኔውን አስለውጠዋል። ይግባኙ ላይ የሐኪሙ ደብዳቤ ይኑር። ደብዳቤው «ያስፈልገዋል» ብቻ ብሎ አያብቃ። ልጁ ከስድስት ወር በፊት ምን ያቅተው ነበር፣ አሁን ምን ይችላል፣ ሰዓቱ ቢቀነስ ምን ይጠፋል የሚለውን ይጻፍ።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ግን አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ይህ ሁሉ መብት የሚነሣው ከምርመራ ወረቀት ነው። ትምህርት ቤት ያደረገው ግምገማ ለትምህርት ድጋፍ ይበቃል፤ ኢንሹራንስ ግን ከሐኪም ወይም ከሳይኮሎጂስት የተጻፈ ምርመራ ይፈልጋል። እና ብዙ ቤት ይህ ወረቀት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይዘገያል። «ወንድ ልጅ ንግግር ይዘገይበታል» ይባላል። «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው» ይባላል፤ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም። ሰው እንዳያይብን ተብሎ ልጁ ከልደት፣ ከክርስትና፣ ከሠርግ ይቀራል። ጸበል የሚወስዱ ይውሰዱ፤ ዱዓ የሚያደርጉ ያድርጉ፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ግን አይሰረዝ። ዘሚ የኑስ በልጇ ምክንያት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስትመላለስ ቆይታ በ2002 አዲስ አበባ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦቲዝም ማዕከል ከፈተች፤ ስለ ልጇም በአደባባይ ትናገር ነበር። በ2021 አርፋለች። እሷ ያለ አንድ ሳንቲም ኢንሹራንስ የጀመረችውን፣ እዚህ ሕግና ጠበቃ ባለበት አገር መደበቅ ያሳዝናል።

የቀሩትን በአጭሩ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ኢንሹራንስም በነጻ ይገመገማል፤ ወላጅ ራሱ ደውሎ ማመልከት ይችላል፣ ግምገማውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ነው። የቴራፒ ፈቃድ በአብዛኛው በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ ማለቂያው ቀን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ። ደረሰኞች አይጣሉ፤ ግብር ሲሠራ ከተስተካከለው ገቢ ከ7.5 በመቶ በላይ የሆነ የሕክምና ወጪ ሊቀነስ ይችላል። ከፋዩ ማን እንደሆነ ደግሞ ሥራ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠየቅ፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት ያንኑ ካርድ ቢሰጥም ከኋላው ያለው ካዝና ሌላ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛው የከበዳቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጃቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ለትርጉም አያስቸግሩ። ሆስፒታሉ፣ ሜዲኬይዱ፣ ትምህርት ቤቱም አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ዲሲ ውስጥ ለዚሁ በ2004 የወጣ የራሷ ሕግ አለ፣ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልኩ ሲነሣ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል፤ መስመሩን ሳይዘጉ መጠበቅ፣ አስተርጓሚው ሲገባ የሱንና የሠራተኛውን ስም፣ ሰዓቱንም ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያ ጥያቄውን መጀመር።